የባላባቱ ክራንቻ

ጥርስ ሠሪው የታችኛውን መንጋጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በሞረዱ ጫፍ የአንዷን ጥርስ ጠርዝ ነካ ነካ ያደርጋል። ነገ አንዲት አሮጊት መጥተው ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ የቀራቸውን ዕድሜ የሚያኝኩት በእሱ ነው። ስለዚህ አይቸኩልም። ጠርዙን ይነካል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ እንደገና ይነካል። አጠገቡ ሴት ልጁ የማለስለሻውን ማሽን አጥፍታ፣ አቧራ የጠጣ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ሰው ስለ አዲሱ ፊልም የጻፈውን ከስልኳ ታነብለታለች።

«ቀጥዪ» አላት።

«አባዬ፣ አይበቃህም? ሁሉም ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ምን ያስፈራሻል? ቀጥዪ።»

ልጁ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀን ያየነው ድድ ነው።› ይሄ አንዱ ነው። ‹ባላባቱ ደሙን ይተዉና ሾርባ ይጀምሩ፤ ለዕድሜያቸውም ይስማማል።› ሌላው ደግሞ...» ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች። «‹ልጅቷን ሊነክስ ሄዶ ጥርሱን አደራ ሰጥቷት ተመለሰ።›»

የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው አፏን በሽርጧ ሸፈነች፤ ከሽርጧ በላይ የቀሩት ዓይኖቿ ግን ደንግጠዋል። አባቷ አልተቆጣትም። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የጥርስ ሠሪ ልጅ መሆን ከዚህ አያድንም።

«ጥሩ አድርጎ ተናግሯል» አለ፣ ሞረዱን እያስቀመጠ። «ምን ያደርጋል፣ የሚስቀው በሰውየው ነው። መሳቅ የነበረበት በእኔ ነው።»

ሰውየው ባላባቱ ነው። ሌላም ስም ነበረው፤ ግን በወጣትነቱ በደም መጣጭ ባላባትነት አምስት ፊልም ከተጫወተ ወዲህ ዳቦ ሻጩም፣ ጎረቤቱም ባላባቱ ይሉታል፤ የገዛ ሚስቱም ሳትቀር ባላባቱ ስትለው ኖራ ሞተች። ለመጀመሪያው ፊልም ክራንቻ ያስፈልጋል ተብሎ ወደዚህ ክፍል የመጣ ጊዜ ጥርስ ሠሪውም ገና ጀማሪ ነበር። ባላባቱ አፉን ከፈተ። ጥርስ ሠሪው እንዲያ ያለ አፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየም፤ ሁሉም በየቦታው፣ ተሰልፎ፣ ነጭ። ልኩን ወሰደ፣ ጀሶውን አፈሰሰ፣ በእሱ ላይም ሁለት ክራንቻ ሠራ፤ ከራሱ ጥርስ ላይ እንደ ቀለበት ጥልቅ የሚሉ። በፊልሙ ላይ ባላባቱ በመስኮቱ ገብቶ ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርግ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ጥርስ ሠሪው ከኋላ ተቀምጦ በጨለማው ውስጥ ለብቻው ፈገግ አለ።

አምስቱ ፊልም አለቀ። አዳራሹ የሶፋ መሸጫ ሆነ። ከስንት ዘመን በኋላ ታዲያ ስድስተኛው ሊሠራ ነው ተባለ፤ በልጅነታቸው እያዩት ብርድ ልብስ ውስጥ የተደበቁ ሰዎች ሁሉ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነው ደስ አላቸው።

ባላባቱ ያን ሰሞን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ መዳፉን እንደሚያስብ ሰው ከአፉ ላይ ሳያነሳ፣ «አሮጌው ልክ አለህ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

ጥርስ ሠሪው በአንድ አፍታ ሁሉን አየ። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ‹ስ› ሲል ትንፋሽ ይሾልካል። ያ ሁሉ ጥርስ ረግፎ በሌላ ጥርስ ተተክቷል፤ የተከለውም ሌላ ሠሪ ነው። ባላባቱ ባዶ ድዱን ለወዳጁ ከማሳየት ራቅ ብሎ ለማያውቀው ሰው ማሳየቱን መርጧል ማለት ነው።

ለልጁ ያስተማራት የመጀመሪያው ሕግ «ያላየሽውን አፍ ጥርስ አትሥሪለት» የሚል ነበር። ያን ቀን ግን ይሉኝታ ያዘው። ክፈት ቢለው ያፍራል፤ ማን ሠራልህ ቢለው ይባስ ያፍራል። እናም «አለ እንጂ! የአንተን ልክ ልጥለው ነው?» አለ፣ በመደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ጀሶ እያሳየ። «አፍህን ማየትም አያስፈልገኝ።» የባላባቱ ትከሻ ሲፈታ አየ። ክራንቻዎቹን በአሮጌው ልክ ሠራቸው። እንዳይላቀቁ ውስጣቸውን በሰም ሞላው፤ ይይዛሉ ብሎ ተስፋ አደረገ። የፊልም መብራት ሰም እንደሚያቀልጥ አላሰበም፤ ወይም አስቦ ዝም አለ።

እናም በስድስተኛው ፊልም፣ በዚያው መስኮት፣ ባላባቱ ወደ ልጅቷ አንገት ጎንበስ ሲል የግራው ክራንቻ ሸርተት ብሎ ወለቅ አለ። በምላሱ ሊመልሰው ሞከረ። የፊልሙ ሠሪዎች ማንም አያስተውለውም ብለው ተዉት። ተመልካች ግን ሁሉን ያስተውላል፤ አስተውሎም ቆርጦ አወጣው፣ አዘግይቶ አሳየው፣ ሙዚቃ ጨመረበት። ጥርስ ሠሪው በምረቃው ዕለት ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ትንፋሹን የሚውጥ አልነበረም። ባላባቱ በጎን በር ሲወጣ ጀርባውን አየው፤ ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

«ሌላ አለ?» ሲል ልጁን ጠየቃት።

«‹ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽም አይከፋም፤ ግን ሰውየውን በጊዜ ጡረታ ማስወጣት ነበር።›» ጣቷን አንሸራተተች። «‹እኔ የገረመኝ ሰው ሰክሮ እንዲሠራ መፍቀዳቸው ነው። ምላሱ ይተሳሰራል።› ይሄን ብዙ ሰው ወዶታል።»

ጥርስ ሠሪው ብድግ አለ። «ሰክሮ? ያ ሰው? በሠርጉ ዕለት እንኳ ውሃ ነው የጠጣው!» እጁ የት እንደሚያርፍ አጣ፤ የአሮጊቷን መንጋጋ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ጻፊ። እዚያው ላይ ጻፊላቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። ‹ጥርሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልክ ሳልወስድ በአሮጌው ሠራሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ አልሰከረም።› በይ ጻፊ፣ ምን ታይኛለሽ?»

«አባዬ፣ እዚህ የሚጽፍ ሰው እኮ...»

«ጻፊ ልጄ፣ አፈር ስሆን።»

ጻፈች። ላከችው። ጥርስ ሠሪው ወንበሩን ሳበና ከጎኗ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ የማያነበውን ስልክ ይጠብቅ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ተንጫጫ።

«ምን አሉ?»

ልጁ አንገቷን ደፋች። «‹እኔ ደግሞ የሬሳ ሣጥኑን የሠራሁት አናጢ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክዳኑን አጠበቅኩት።›»

«እ?»

«‹እኔ ካባውን የሰፋሁት ነኝ።› ‹እኔ የሌሊት ወፏ ነኝ፤ ይቅርታ፣ እያዛጋሁ ነበር።› ‹እኔ የተነከሰው አንገት ነኝ፤ ምንም አልተሰማኝም።›» ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። «እየተቀባበሉት ነው፣ አባዬ። አላመኑህም።»

«የጀሶውን ፎቶ ላኪላቸው።»

ላከችው። ‹ጀሶ ማንም ያፈሳል› የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩም የሳቅ ምልክት እንደ ጉንዳን ተሰለፈ። ጥርስ ሠሪው ያን ሁሉ ቢጫ ፊት አየ። የሚይዘው እጅ፣ ና እስቲ ተቀመጥና ልንገርህ ብሎ የሚያስረዳው ሰው የለም። ከተራራ የሚወርድን ውሃ በመዳፉ ሊመልስ የቆመ መሰለው።

«አጥፊው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ።

«ብናጠፋውም ገልብጠውታል።»

በሩ ሲንኳኳ ሁለቱም ደንበኛ መሰላቸው። ባላባቱ ነበር፤ ረጅም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ልጁ ስልኳን ከመቅጽበት ጭኗ ላይ ገለበጠችው።

«ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ። አትደብቂው፣ ከአንቺ በፊት አንብቤዋለሁ።» ወደ ወዳጁ ዞረ። «የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ለነገሩ ከአንተ በቀር እንዲህ ያለ ሞኝ አይጽፈውም። የሌሊት ወፏንስ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ለብቻዬ ሳቅኩኝ። እሷ እንኳ ጎበዝ ናት።» ሳይጋበዝ ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወደ ባርኔጣው አጎነበሰ። «ደወሉልኝ።»

«እነማን?»

«የፊልሙ ሠሪዎች። ሰው እየጎረፈ ነው አሉኝ፣ ያቺን ጥርስ ሊያይ። ሰባተኛውን ይፈልጋሉ። አሁን ግን አስፈሪ አይደለም፤ አስቂኝ ነው። ባላባቱ በሄደበት ሁሉ ጥርሱ ይወልቃል። በራት ላይ፣ በመስኮት ላይ፣ መቃብሩ ውስጥ።»

ጥርስ ሠሪው ልጁን አየ። ልጁ ወለሉን አየች።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኳ!»

«እንዴት እሺ ትላለህ? አንተ ሰው፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስፈራህ...»

«ስማኝማ ወንድሜ። ቤቴ ብቀመጥም ይስቁብኛል፣ እዚያ ብሄድም ይስቁብኛል። እዚያ መብራት አለ። ‹ተዘጋጅ› የሚለኝ ሰው አለ። ቤቴ ‹ተዘጋጅ› የሚለኝ ማን አለ?»

ጥርስ ሠሪው ያሰበው ሁሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ የሳቅ ምልክት ተሰለፈበት። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ያቺን አንብቢለት» አለ። «ያቺን የጠዋቷን።»

ልጁ ፈልጋ አገኘቻት። «‹የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት እናቴ ጉያ ውስጥ ነው። ባላባቱ በመስኮቱ ሲገባ እናቴ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችው፤ የእጇን ሽታ አሁንም አውቀዋለሁ። እናቴ ዛሬ የለችም። ስድስተኛውን ለብቻዬ ሄጄ አየሁት። ያቺ መስኮት ስትከፈት ዓይኔን ራሴ ሸፈንኩ። ስለዚህ ጥርሱ ሲወልቅ አላየሁም፤ ሰው ሲስቅ ብቻ ሰማሁ።›»

ባላባቱ ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረው፣ መልሶ አዞረው።

«እንዲህ ያሉት ስንት ናቸው?»

«ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጁ።

«እግዜር ይስጣት። አንድ ሰው ግን አዳራሽ አይሞላም።» ተነፈሰና ቀና አለ። «እና ክራንቻ ያስፈልገኛል። እኔ ስፈልግ የሚወልቅ። ከአንተ ሌላ ማን ዘንድ ልሂድ?»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ጥርስ ሠሪው እምቢታውን በአፉ ውስጥ አላመጠው፤ ግን እምቢ ቢል ባላባቱ ወደ ሌላ ሠሪ ይሄዳል፣ ፊልሙም ይሠራል፣ ሰውም ይስቃል፤ እሱ የሚያጣው ነገር ቢኖር በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው።

«በፈለግከው ጊዜ እንዲወልቅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ በልኩ መያዝ አለበት። በአሮጌው አልሠራም።»

ባላባቱ ገባው። መዳፉ ወደ አፉ ሄደ። ልጁ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች፤ የውሃው ማሰሮ ሙሉ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ክፈት» አለ ጥርስ ሠሪው።

ባላባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥርሶቹን አወጣ፣ በመሐረብ ይዞ ዘረጋለት። ጥርስ ሠሪው የሌላውን ሰው ሥራ በብርሃን አየው። ላንቃው ላይ ወፍሯል፣ በግራ በኩል ያዘነብላል።

«ደህና ሥራ ነው» አለ።

«ዋሾ» አለ ባላባቱ፣ ጥርስ በሌለው አፍ። ቃሉ ለስልሶ ወጣ።

ሊጥ የመሰለውን የልክ መውሰጃ አቦካ፣ በብረቱ ማንኪያ ላይ ደለደለ፣ ጎንበስ ብሎ አፉ ውስጥ አስገባውና በሁለት ጣቱ ደግፎ ያዘው። እስኪጠነክር መናገር አይቻልም። የባላባቱ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሊጡ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ሁሉንም ሰው እንዲህ ያደርገዋል። እጁ ተነስቶ የጥርስ ሠሪውን እጅጌ ያዘ።

«በአፍንጫህ ተንፍስ» አለው። ከዚያ፣ ሰውየው መመለስ በማይችልበት በዚያ ጊዜ፣ «ያን ዕለት ክፈት ልልህ ይገባ ነበር» አለ። «አፈርኩልህ። ለአንተ ያፈርኩ መስሎኝ አሳፈርኩህ።»

ባላባቱ በጉሮሮው አንድ ነገር አለ። ይቅር ማለት ይሁን፣ ዝም በል ማለት ይሁን፣ ወይም መተንፈስ ብቻ ይሁን አይታወቅም። እጅጌውን ግን አልለቀቀም።

ሊጡ ሲጠነክር ማንኪያውን አወጣ፤ ባላባቱ አፉን ጠረገ፣ ጥርሱን መለሰ፣ ኮቱን ቆለፈ። ልጁ ውሃ ሳትይዝ ስትመለስ እየወጣ ነበር። ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና፣ «ለሌሊት ወፏ ሰላም በይልኝ» አላት።

ጥርስ ሠሪው በጀሶው ላይ ውሃ ጠብ አደረገ፣ አማሰለ፣ በልኩ ውስጥ በቀጭኑ አፈሰሰ። አየር እንዳይቀርበት የጠረጴዛውን ጠርዝ በቀስታ እያስነካ አንቀጠቀጠው። ስልኩ በልጁ እጅ ተንጫጫ፣ እንደገና ተንጫጫ፤ ምን አሉ ብሎ አልጠየቃትም። መደርደሪያው ላይ አሮጌውን፣ ጥርሱ የሞላውን ጀሶ ትንሽ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀ፣ አዲሱን አጠገቡ እንዲደርቅ አኖረው፣ እጁንም ታጠበ።