የሁለት ሰው ጾም

«አባዬ፣ ስለ እመብርሃን! ትንሽ ቀምሰው ይዋጡት።»

ሉሊት ቂጣውንና ኪኒኑን በሳህን ይዛ አባቷ ፊት ተንበርክካለች። አያ ይሄነው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ጨርቅ አዞሩ። ሚስታቸው ሸዋረግ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እሳቸውም የልባቸውን መድኃኒት ከተዉ ሦስተኛ ቀን። ደግሞስ ዐቢይ ጾም ነው። ገና በጠዋቱ፣ በለቀስተኛ መሀል፣ ካህን ፊት ማን ይበላል?

«ለማን ብዬ ልኑር?» አሉ።

ከስምንት ዓመት በፊት የልብ ሕመም ድንገት ይዞ ሲጥላቸው በጭነት መኪና ደሴ አደረሷቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው «አንድም ቀን እንዳያቋርጡ፤ በባዶ ሆድም እንዳይውጡ» አላቸው። ጾሙ ሲገባ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሸዋረግ አልተከራከረችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች። ተመልሳም «ተፈቅዶልዎታል» አለች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያች ፊደል ያልቆጠረች ሴት አንድም ጠዋት ሳትስት ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አኖረች። የመካነ ሰላም ሰው «ይሄ ሰውዬ ሞትን አታለለው» እያለ ይስቅ ነበር፤ እሳቸውም ብርታቱ የራሳቸው ይመስላቸው ነበር። ጤነኛዋ ሸዋረግ ግን በሳምባ ምች በአራት ቀን ሄደች።

ከጎናቸው የተቀመጡት ንስሐ አባታቸው ቄስ ዘማርያም ጠጋ አሉ።

«አያ ይሄነው፣ አብሽሩ። እንዳልናገር አደራ ብላኝ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ብል ኀጢአት ይሆንብኛል። ያን ቀን ‹የሳቸውን ጾም እኔ ላይ ያድርጉልኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ለበሽተኛ እንዲሁ ይፈቀዳል ብላት አልሰማ አለች። የራሷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የእርስዎን ደግሞ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ጾመች። ስምንት ዓመት!»

አያ ይሄነው ስንቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕድ ቀርቦ «ምነው አብረሽኝ አትበዪም፣ ኩራት ነው?» ብለው ተቆጥተዋታል! «ሥራ ይዞኝ ነው» ትላቸው ነበር። ለካ እሳቸው በጾም ለቀመሷት ለእያንዳንዷ ቁርስ እሷ እስከ ማታ ተርባለች። እግዚኦ! ይህ ሁሉ በአንድ ጎጆ ሲደረግ አጠገቧ ተኝተው አላዩም። ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ፈሩ።

«ልጄ፣ ቂጣውን አምጪው» አሉ፣ ድንኳኑ ሙሉ እስኪሰማ።

ቆርሰው በሉ፤ ኪኒኑን አስከተሉ። ሉሊት ሳህኑን ልታነሳ ስትል እጇን ያዙ። ከዚያ አጎንብሰው ፍርፋሪውን አንድ በአንድ እየለቀሙ በሉት።