ያላደፈው ገበር

«በመጨረሻው ምሽት ምን ነበር የተጫወተው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ወኪሉ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። ከባሏ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ፣ ኮንሰርቶቹን የሚዋዋልለት፣ ትኬቱን የሚቆርጥለት፣ በመጨረሻም አስከሬኑን ይዞላት የመጣ ሰው ነው። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በውሰት በመጡ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ፒያኖው ግድግዳ ተደግፎ የለቀስተኛ ካፖርትና ጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኗል።

«ያንኑ ነዋ፣ ያሸነፈበትን የፒያኖ ኮንቼርቶ» አለ።

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር? መግቢያ ጠፍቶ ነው እንጂ! ቆመው ነው ያጨበጨቡለት።»

በዙሪያው የተቀመጡት ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ታላቅ እህት፣ ሰፈሩ ሁሉ እታለም የሚላት፣ «የኔ ጀግና!» ብላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፎቶ አንገቷን አቀናች። ፎቶው ላይ ወንድሟ ገና በጎልማሳነቱ ዋንጫ ይዞ ይስቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ በስሙ መጥራቱን ትቶ ተሸላሚው ነበር የሚለው።

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ሰውዬው ዓይኗን እያየ እየዋሸ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከአስከሬኑ ጋር የመጣውን ሻንጣ ከፍታለች። የመድረክ ኮቱን ስታዘጋጅለት እንዳይጨማደድ እጅጌዎቹን ሁልጊዜ በስስ ወረቀት ትሞላቸዋለች። ወረቀቱ እሷ እንዳስገባችው፣ አንዲት እጥፋት እንኳ ሳይዛነፍ እዚያው ነበር። ኮቱ አልተለበሰም። ታዲያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበው ለማን ነው? በሸሚዝ ነው እንዴ የተጫወተው?

ከበሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«እንባዋ የት ገባ?»

«ደንግጣ ነው፣ ተያት።»

«እኔ ብሆን ይህን ጊዜ ሰፈሩን አናግቼው ነበር።»

ሰምታቸዋለች። ደግሞም አልተሳሳቱም፤ አንዲት ዘለላ አላፈሰሰችም። ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ እንዴት ታልቅስ? ለባሏ ነው ወይስ ለሌላ ሴት ባል? ይህን ሳታጣራ እንባዋን ማባከን አልፈለገችም።

ኮቱን የሰፋችው እሱ ወደ ዓለም አቀፉ ውድድር ሊሄድ ሲል ነበር። ሁለቱም ያኔ ገና ጀማሪዎች ናቸው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እሱን እመሀል ቤት አቁማ፣ «እጅህን ዘርጋ» ትለዋለች፤ እሱ የሌለ ፒያኖ ከዳር እስከ ዳር ይመታል። የተለመደው አቆራረጥ ብብቱ ላይ እንደሚይዘው ስላየች ከሥሩ ተጨማሪ ጨርቅ አስገባችለት። «አሁን ከፈለግህ መብረርም ትችላለህ» አለችው። ሄዶ አንደኛ ወጣ።

የአንደኛው ሽልማት ዋንጫው ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ የሚያዞር የኮንሰርት ጉዞ ነበረው። ተሸላሚው ሄዶ ሲመለስ ፖስተሮችን ጠቅልሎ ይመጣል፤ እሷ ግን ከፖስተሩ በፊት የምታየው የኮቱን የሐር ገበር ነበር። ብብቱ ሥር ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ይሠራል፤ ሐሩ ይቃጠልና በጣት ሲነኩት ይቀደዳል። ገበሩን ፈትታ በአዲስ ትለውጠዋለች። እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «ይሄ የብብቴ ቅዳጅ የኮንቼርቶው የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የመጨረሻው» እያለ ያስቃታል። ገበር እንደ መለወጥ ደስ የሚላት ሥራ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ገበሩ ማደፉን አቆመ።

መጀመሪያ አዳራሾቹ ቀዝቃዛ ሆነው ይሆናል አለች። ቀጥሎ ፖስተሩ ጠፋ። «አልቆባቸው ነው» አላት። ቀጥሎ ስልክ ሲደወልለት ወደ ደረጃው ወጥቶ በሩን ከኋላው መዝጋት ጀመረ፤ አንድ ሁለት ጊዜ የልጃገረድ ድምፅ ሰምታለች። አጨዋወቱም ተቀየረባት። ቤት ውስጥ ሲለማመድ የሚመታው ወፋፍራሙን ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የለም። መሀል ላይ ድንገት ያቆምና እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቆያል። እቤት ውስጥ የሌለ ሰው የሚያዳምጥ ነበር የሚመስለው።

«ዜማው የት ሄደ?» አለችው አንድ ቀን።

«ሌላ ሰው ጋ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ማናት ያቺ ሌላ ሰው?

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ «ምነው፣ ገበርህ አያድፍም እኮ!» ብላ በቀልድ አስመስላ ጣል አደረገችበት። በሚቀጥለው ጉዞ ኮቱ ብብቱ ሥር ሰፊ እድፍ ይዞ መጣ። መስኮት ጋ ወስዳ አየችው። ላብ ጨው ይተዋል፤ ይሄ ግን ጠርዙ ብቻ የጠቆረ፣ ምንም የማይሸት የውሃ ምልክት ነበር። ሰውየው የሆነ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ቆሞ፣ እጁን አርሶ፣ የኮቱን ብብት ረጭቷል። ያን ቀን ነገሩ አለቀላት። ሰው የሚደብቀው ነገር ከሌለው ኮቱን ውሃ አያጠጣም። ገበሩን ፈትታ በአዲስ ለወጠችው፤ አልጋ ላይ ግን ጀርባዋን መስጠት ከዚያ ቀን ጀመረች።

ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሻይ በያዘበት ሰዓት፣ ማንም የማያውቃት ወጣት ሴት በር ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፤ እጇ ላይ ፌስታል አለ። ፎቶውን አየችና እዚያው ሆና ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ጀመር። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነበር የምታለቅሰው።

ሳሎን ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«ይህቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች እታለም።

«መጣችልሽ» አለች አንደኛዋ ጎረቤት ለሌላዋ።

ወኪሉ ከመቀመጫው ሲነሳ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው። ልጅቱን ክንዷን ይዞ ወደ መተላለፊያው ወሰዳት። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ተከተለቻቸው።

«ምን አመጣሽ?» ይላል ወኪሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷ እንዳታውቅ ብዬሽ አልነበረም?»

«ምኑን ነው የማላውቀው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላው።

መልስ አልጠበቀችም። የስፌት ክፍሏን በር ከፍታ ሁለቱንም አስገባቻቸው። በሩ ሳይዘጋ እታለምም ሾልካ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መኪናው፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለው የመድረክ ኮት፣ አሁን ደግሞ አራት ሰው።

«ከሱ ልጅ አለሽ?» አለቻት ልጅቱን።

«ምን አሉኝ?»

«ልጅ። አለሽ ወይ? ካለሽ ሀዘኑ ያንቺ ነው። ሳሎን ቦታ ይለቀቅልሽና እኔ እዚህ መኪናዬ ጋ እቀመጣለሁ።»

ልጅቱ ወደ ወኪሉ ዞረች። ወኪሉ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ተደገፈ። «በቃ ንገሪያት» አለ።

«እትዬ፣ እኔ ፒያኖ ተወዳዳሪ ነኝ» አለች ልጅቱ። «በውድድሩ የመጨረሻ ዙር የምንጫወተው ከኦርኬስትራ ጋር ነው። ኦርኬስትራውን ግን እንደልባችን አናገኘውም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው በሁለተኛ ፒያኖ የኦርኬስትራውን ድርሻ እየተጫወተልን እንለማመዳለን። እሱ ነበር የሚያለማምደን። እኔን ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ፣ በየውድድሩ እየዞረ ለመጨረሻው ዙር ያለፍነውን ሁሉ።»

«ኮንሰርቱስ?» አለች እታለም። «ቆመው ያጨበጨቡለትስ?»

ወኪሉ ሻይ የፈሰሰበትን ሱሪውን ማየት ያዘ። «ኮንሰርት የሚባል ከቀረ ቆይቷል። ውድድሩ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ አንደኛ ያወጣል፤ አዳራሾቹም አዲሱን ነው የሚፈልጉት። እሱ ራሱ ነው ጉዞ ላይ ነኝ በልልኝ ያለኝ። ኮቴን በደስታ ነው የምትሰፋው፣ ያንን አልወስድባትም አለኝ። ምን ላድርግ?»

ልብስ ሰፊዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቱን አየቻቸው።

«ጥሩ አድርጋችሁ አጥንታችሁታል» አለች። «የትኛችሁ ናችሁ የፈጠራችሁት?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። ፌስታሉን ከፍታ አንድ ግራጫ ሹራብ አወጣች። «ከኔ ጋር ልምምዱን ጨርሰን ሞቀኝ አለና አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ውሃ ላመጣለት ወጣሁ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት» ብላ ሹራቡን ዘረጋችላት።

ልብስ ሰፊዋ ሹራቡን ከእጇ ነጠቀቻት። አታውቀውም። እሷ አልገዛችውም፤ አጥባውም አታውቅም። የሌላ ሴት ስጦታ ይሆናል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ መጣባት። ግን እጇ ከሐሳቧ ቀደመ፤ እንደ ልማዷ ሹራቡን ገለበጠችው።

ብብቱ ሥር ነጭ የጨው መስመር ነበር። አንድ አይደለም፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው እየተጨመረ ክሩ እንደ ቆዳ ደርቋል። መሀሉ ተበልቶ አልቆ ጣቷ በቀዳዳው ወጣ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እሱ ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከኮቱ ውስጥ የጠፋባት ላብ እዚህ ነበር ያለው።

«ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው?» አለች ቀስ ብላ።

«ከጠዋት እስከ ማታ። እኛ እንቀያየራለን፤ እሱ አይቀየርም። ሁላችንም ዜማውን እንጫወታለን፤ እሱ እኛ እስክንጨርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ስንሳሳት ይጠብቀናል። እሱ ሲጠብቅ አያስፈራም፣ እትዬ። መድረክ ላይ ስወጣ ያንን ነበር ያሰብኩት። ሁለተኛ ወጣሁ። ሳይሰማልኝ።»

እታለም ራሷን ያዘች። «ወንድሜ ለልጆች አጃቢ ሆኖ ነው የሞተው? ኧረ በሉ፣ ይሄ ወሬ ከዚህች ክፍል እንዳይወጣ! ሰው ምን ይላል?»

«ይውጣ፣ እታለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከፈለግሽ እኔው ሳሎን ሄጄ እናገራለሁ። እኔ ከሌላ ሴት ጋር ነው እያልኩ፣ ጀርባዬን እየሰጠሁት፣ እሱ ለካ…» ሹራቡን ደረቷ ላይ ጨበጠችው። «ምን ነበረበት ቢነግረኝ? ለኮት እንጂ ለሹራብ መርፌ የለኝም? ቆሞ ውሃ ይረጭልኛል! እኔን! ላብና ውሃ አትለይም ብሎ! የኔ ሞኝ!»

ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ግድግዳውን አልፎ ሳሎን ድረስ ተሰማ። እዚያ የነበሩት ሴቶችም «እፎይ፣ ወጣላት» እየተባባሉ አብረው አለቀሱ።

ጥቂት ቆይታ በሹራቡ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። ልጅቱን አየቻት። «ለሁለተኛም የኮንሰርት ጉዞ ይሰጣል አይደል?»

«ነገ ማታ የመጀመሪያው ነው። ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

«በዚሁ ሰውዬ በኩል?»

ልጅቱ አዎ አለች። ልብስ ሰፊዋ ወደ ወኪሉ ዞረች። «አዳራሾቹ ሲተዉአት ለሷም እንዲሁ ይዋሹላታል?»

ወኪሉ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ይቀመጡ» አለችው፤ ድምጿ ግን ለስልሶ ነበር። «አንቺም ተቀመጪ። አውሮፕላንሽ እስኪደርስ ስለ እሱ ንገሪኝ። ምን እያለ እንደሚያስቃችሁ ንገሪኝ፤ ያስቃችሁ ነበር አይደል?»

ልጅቱ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠችና ማውራት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ከመሳቢያው ግራጫ ክር መርጣ መርፌውን ልታስገባ ሞከረች። ዓይኗ አላይ ሲላት እታለም ከእጇ ተቀብላ አስገባችላት። ብብቱን ሳታጥበው፣ ጨውን እንደያዘ፣ ጫፍና ጫፉን እየገጠመች ሰፋችው። እጅ ሲዘረጋ እንዳይዝ ከሥሩ ትንሽ ጨርቅ ጨመረችበት። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ ተነስታ ከመድረክ ኮቱ እጅጌዎች ውስጥ ስሱን ወረቀት ሳበች። እየጨመቀች፣ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ የሹራቡን እጅጌዎች ሞላቻቸው። ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አጠፈችና ሹራቡን በቦታው ሰቀለችው።