በቀኙ መስመር የሚወድቁት

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የባጃጅ ውድድር የሚደረገው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጉምሩኩ ይዘጋል። የጭነት መኪኖቹ ላይኛው ሰፈር ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ሰሌን አንጥፈው ይተኛሉ። ትራፊኩም ጥላ ፍለጋ ይገባል። አስፋልቱ ባዶ የሚሆነው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሌላ ጊዜ አልነበራቸውም።

እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የጠዋት ፈረቃ ስለምማር ስመለስ ውድድሩን እደርስበታለሁ። መታጠፊያው አጠገብ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች የሚያሸንፈውን ለማየት ይመጡ ነበር። የእኔን ዓይን የያዙት ግን የሚወድቁት ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወድቁት፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

የሚወዳደሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። ከነዳጅ ማደያው ተነስተው ቁልቁል ይበራሉ፣ መታጠፊያው ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፣ ከጉምሩኩ በር ፊት ለፊት ካለው በርሜል ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ያለፈውን ውድድር ያሸነፈ መስመሩን ይመርጣል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ የባጃጁን ቁልፍ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ባጃጅ የሚሰጠው ሰው የለም። ባለባጃጆቹ ውድድሩን አይተው እንዳላዩ የሚያልፉት ይህች ሁለተኛዋ ሕግ ስላለች ነበር።

የሺዋስ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ጎረቤታችን ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ እሱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ገደል ገብተው ሞቱ። የሺዋስ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ የአጎቱን የደምለውን ባጃጅ ይነዳል። ያቺ ባጃጅ ከእጁ ከወጣች የሚጠብቀው ከደጋ ከሚመጡት የቀን ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ እርሻ ገብቶ ማጨድ ነው። ይህን እሱም፣ እናቱም፣ እኛም እናውቃለን።

ሁለተኛውን አወዳደቁን ጋሼ አዛናው አየው። ጋሼ አዛናው ከጎንደር የመጣ የድራማ አዘጋጅ ነው። በትናንሽ ከተሞች መንገድ ላይ ስለሚወዳደሩ ወጣቶች ለቴሌቪዥን ድራማ ሊሠራ አንድ ካሜራ ያዥ ይዞ ሰኞ ዕለት ደረሰ። በደረሰ በሰዓቱ የሺዋስ ተገልብጦ አገጩን ተሰነጠቀ። ጋሼ አዛናው ደሙ ሳይደርቅ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«እዚያ ጋ ስትደርስ ምን ሰማህ?»

«ምን እሰማለሁ ጋሼ? ሞተሩን ነዋ።»

«ከሞተሩ ሥርስ?»

የሺዋስ ትንሽ አሰበ። «ከሞተሩ ሥር... ጎማው አለ።»

ያረጋል የሚባለው፣ ወር ሙሉ ማንም ያልቀደመው ልጅ፣ ባጃጁን ተደግፎ ይስቅ ነበር። «ጋሼ፣ እሱ የሚሰማው የእኔን ጭስ ማውጫ ነው! ከፊቱ ስሄድ!»

ጋሼ አዛናው አልሳቀም። ስለ አባቱ ጠየቀው። የሺዋስ የሚያውቀውን ነገረው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ማክሰኞም ያንኑ ጠየቀው። «ዓይንህን ጨፍን፤ መታጠፊያው መጣ፤ አንድ ሰው ይጠራሃል።» ረቡዕ ዕለት የሺዋስ «የሆነ ድምፅ ያለ ይመስለኛል» ሲል ሰማሁት። ሰው እየተጠየቀ ያልነበረ ነገር መስማት እንደሚጀምር ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ድምፁ የአባቱ ሆኗል። ጋሼ አዛናው ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ እጁ ይፈጥን ነበር። ቅዳሜ ያረጋልና የሺዋስ ሲወዳደሩ ሊቀርጽ ወሰነ።

እኔ የራሴ ማስታወሻ ነበረኝ። የሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከኅዳር አንድ ጀምሮ የወደቀውን ሰው፣ ቀኑንና መስመሩን እጽፋለሁ። ለማንም አላሳየሁትም። ሰባት ሰው ወድቋል፤ ሰባቱም በቀኙ መስመር። ያረጋል ሁልጊዜ እያሸነፈ ሁልጊዜ ግራውን ይመርጣል፤ ቀኙ ገድ የለውም ይላል። ይህ እንኳ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነበር። በአሥራ ሁለት ለሚካኤል አምስት ጊዜ ተወዳድረው ማንም አልወደቀም። እሑድ እሑድም አይወድቁም። ሐሙስ ኅዳር ጽዮን ነበር፤ ያን ቀንም በቀኙ የሄዱት ሁሉ በሰላም ታጠፉ። ከተማው ይህን ሳይጽፍ ያውቀዋል። «ታቦቱ ጠብቋቸው ነው» ይባላል።

የመጨረሻው ባጃጅ ካለፈ በኋላ ከኒሟ ሥር ተነስቼ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። የቀኙን ጠርዝ ሳየው ንጹሕ ነው። ንጹሕ የሆነበትን ምክንያት አውቃለሁ። ያን ቀን ጠዋት እኔና እናቴ አልጠረግንም ነበር።

ሰሊጥ የጫኑት መኪኖች ዳገቱን ሲወርዱ ከተቀደደ ጆንያ ዘር ያንጠባጥባሉ። የሚጠርጉት ሴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ መታጠፊያው የእኛ ነው። ንጋት ላይ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከእናቴ ጋር የተበተነውን ጠርገን በቀኙ ጠርዝ እንደ እባብ ረዝሞ እንዲተኛ እናደርገዋለን። ወደ ቀኝ የምንጠርገው አስፋልቱ ወደዚያ ስለሚያዘነብል ነው። ጤዛው እስኪደርቅና ለማናፈስ የሚሆን ነፋስ እስኪመጣ፣ ማለት እስከ አሥር ሰዓት፣ እዚያው ይቆያል። መኪኖቹ ጠርዙን ስለማይነኩት ሃያ ዓመት እንዲሁ ሲሠራ ኖሯል። ጠርዙን ታክኮ የሚታጠፍ ባጃጅ ብቻ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ፊቱ ያለው አንድ ጎማ ነው፤ ዘር ላይ ከወጣ ይንሸራተታል። በበዓልና በእሑድ አንጠርግም።

ማታውን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አይናዲስ ማንበብ አትችልም፤ ደብተሩን ግን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ሚካኤል ዕለት አልወደቁም፣ ጽዮን ዕለት አልወደቁም ነው የምትይኝ?»

«አዎ እማ።»

«እሑድም?»

«እሑድም።»

«ታዲያ ራስሽ ተናገርሽው። ማን እንደጠበቃቸው ደብተር ያስፈልገዋል?»

«በእነዚያ ቀኖች እኮ እኛ አንጠርግም።»

ሰፌዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ መልሳ አወረደችው። «አንቺ ልጅ፣ ታቦቱን በሰሊጥ ልትለውጪ ነው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ለማንም እንዳታወሪ። ትራፊኩ ከሰማ ከመንገዱ ያነሳናል» አለችኝ።

ዓርብ ዕለት ዝም አልኩ። ቅዳሜ ንጋት ላይ እንደ ወትሮው ጠረግን፤ እንደ ወትሮው በቀኙ ጠርዝ አስተኛነው። እጄ መጥረጊያውን ሲገፋ የማስበው ስለ የሺዋስ አገጭ ነበር። እናቴም አንድ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነዳጅ ማደያው ሄድኩ። የሺዋስ ባጃጁን በጨርቅ ይወለውላል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«ሃይማኖት! አንቺም ለካሜራ መጣሽ?»

«የሺዋስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የሚጥልህ ሰሊጥ ነው።»

መወልወሉን አቆመ። «ምን?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀኖቹን፣ መስመሩን፣ ጠርዙን። በሕይወቴ ለወንድ ልጅ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ሲሰማኝ ፊቱ ይቀልላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጭራሽ ጠቆረ።

«በሰሊጥ ነው የወደቅሁት?»

«አዎ።»

«በእናንተ ሰሊጥ?»

«አዎ። ይቅርታ። ሄደህ እየው፤ አሁንም አለ።»

«እኔ የሰማሁትን እኔ አውቃለሁ» አለ። «አንቺ ባጃጁ ውስጥ ነበርሽ? አልነበርሽም።» ጨርቁን ወርውሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አባቴ ጠርቶኝ ነው የወደቅሁት። ዛሬ ከጠራኝ ደግሞ ዞሬ አላይም። በቃ፤ ሂጂ።»

መስመሩን የመረጠው እንደ ወትሮው ያረጋል ነው። ግራውን ያዘ። ለየሺዋስ ቀኙ ቀረው።

እየሮጥኩ ወደ መታጠፊያው ወረድኩ። ጋሼ አዛናው ካሜራውን በትክክል ከሰሊጣችን ፊት ለፊት ተክሎታል። ከኒሟ ሥር መቶ የሚያህል ሰው ተሰብስቧል። ሰው ሲያየኝ መሄጃ የሚጠፋኝ ልጅ ነኝ፤ ሱቅ እንኳ ሰው ካለ እስኪወጣ በር ላይ እጠብቅ ነበር። ጋሼ አዛናው ማስጀመሪያውን ቀይ ጨርቅ ሲያነሳ ጠዋት ኒሟ ሥር የተውኩትን መጥረጊያ ይዤ አስፋልቱ መሀል ገባሁ።

«ማናት ይቺ? ከካሜራው ውጪ!»

መጥረግ ጀመርኩ። ስለቸኮልኩ የምጠርገውን ያህል መልሼ እበትነዋለሁ።

«ልጅት! ቆሻሻው ይቅር፣ እንዳለ ነው የምፈልገው!»

«ሰሊጥ ለቃሚዋ ቴሌቪዥን ላይ መውጣት አማራት!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዳገቱ አናት ላይ ሁለቱ ባጃጆች ያጓራሉ። ያረጋል ጥሩንባውን ለቀቀው። ጋሼ አዛናው ክንዴን ይዞ ሊያወጣኝ ሲል ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጠረገው? ስታባክኚው!»

እናቴ ናት። ጆንያ ይዛለች። ጆንያውን አስፋልቱ ላይ ዘረጋችው፣ መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ያዢ አፉን። ወደዚህ፣ ወደ ውስጥ። ከነአፈሩ ይግባ፣ እቤት እናነፍሰዋለን።»

«እናቴ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ» አለ ጋሼ አዛናው።

«እኔስ ምን ላይ ነኝ?» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በእሱ ነበር። ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አፀዳችው፤ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ስንወጣ ጆሮዬ ሥር፣ «ሚካኤል ሁልጊዜ በራሱ እጅ አይሠራም» አለችኝ።

ጨርቁ ወረደ። «ያላ!» የሚል ጩኸት ከዳገቱ መጣ።

ሁለቱም እኩል ወረዱ። መታጠፊያው ላይ የሺዋስ ጠርዙን ታክኮ ገባ፤ ልክ ሁለት ጊዜ የወደቀበት ቦታ። የቀኙ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሳ፣ ትንሽ አየር ላይ ቆየ፣ ተመልሶ መሬት ያዘ። ያን ጊዜ ነው ሌላም ነገር የገባኝ፤ የቀኙ መስመር የውስጡ ስለሆነ አጭሩ ነው። ከበርሜሉ ቀድሞ የደረሰው የሺዋስ ነበር፤ በአንድ ጎማ ያህል።

ልጆቹ ተሸከሙት። ጋሼ አዛናው ሲደርስበት ማስታወሻውን ይዟል። «ምን ሰማህ?»

«ሞተሩን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጋሼ አዛናው ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ለድራማው አንዴ ቀስ ብለህ ትወድቅልኛለህ።»

«ሦስተኛዬ ይሆናል ጋሼ። ቁልፉን እቀማለሁ።»

«ድራማ ነው እኮ!»

«አስፋልቱ ድራማ መሆኑን አያውቅም» አለ የሺዋስ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ድራማው በዓመቱ ታየ። የወደቀው ልጅ ከጎንደር የመጣ ነው፤ ከቆመ ባጃጅ ላይ ዘሎ ነው የወደቀው፤ ያስታውቃል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የአባቱ ድምፅ እያስተጋባ ይጠራዋል። በሻይ ቤቱ ውስጥ የምናየው ሰዎች መጀመሪያ ሳቅን፤ ድምፁ ሲመጣ ግን ዝም አልን። የሺዋስ አልመጣም ነበር።

ያን ቅዳሜ ግን፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ የሺዋስ ብቻውን ወደ ኒሟ መጣ። እናቴ ጆንያውን ተሸክማ ሄዳለች። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ይኮራል ወይም ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር።

«ሰሊጡ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ግን እኮ ሰምቼዋለሁ፣ ሃይማኖት። ሐሙስ ለታ፣ እየነዳሁም አልነበረም። ተኝቼ ነበር፤ ጠራኝ።»

ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አልነበረኝም። የአባቱን ድምፅ በሕይወቱ ሰምቶ የሚያስታውስበት ዕድሜ ላይ እንዳልነበረም አውቃለሁ። ይህን ልለው ነበር፤ ተውኩት። በእውነት ማወቅ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

ወደ እኔ አላየም። በእንጨት መሬቱን ይጭር ነበር።

«ምንም ትልቅ ነገር አይደለም። ‹ውሃ ጠጣህ ወይ?› ነው ያለኝ።»

«ጠጣህ?»

«አልጠጣሁም። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ።»

የያዝኩትን ሃይላንድ አቀበልኩት። ግማሹን ሳይተነፍስ ጠጣው፤ የቀረውን አናቱ ላይ አፈሰሰው።