ሁለት ሰው የለመደው ዳማ

ባሌ ኃይለ መስቀል በዕድሜው ፈረስ ኖሮት አያውቅም። ስለ ፈረስ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን የሚለው ራሱ ነው። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ በደጃችን የሚያልፈው ፈረስ በዝቶ ነበርና፣ እኔ ከምንጭ ውሃ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ እሱ ደጃፍ ተቀምጦ የዚህኛው ደረት ጠባብ ነው፣ የዚያኛው ሸኮና ለስላሳ ነው እያለ ይፈርድ ነበር። አንድም ባለፈረስ ጠይቆት አያውቅም።

እኛ የነበረችን ወለላ ብቻ ናት። ወለላ በቅሎዬ ናት፤ አባቴ ለሰርጌ የሰጠኝ። እናቴ ያለችው ካራ ነው፤ በእግር የሄደ ሰው መንገድ ላይ ይመሽበታል፣ ጅቡ ደግሞ እንደ ዛሬ አልነበረም። ስለዚህ እናቴን የማያት በወለላ ጀርባ ነበር። ሁልጊዜም ለብቻዬ። ባሌ «በቅሎዋ ለአንድ ሰው ናት» ይላል። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ፤ እናቴን ይፈራታል። በሰርጋችን ዕለት ከላይ እስከ ታች አይታው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን ለሸንበቆ ዳርኳት» አለች። ቀጭን መሆኑ ቀጭን ነው፣ ምን ይደረጋል።

ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ገረሱ ቀላ ያለውን ዳማ ፈረሱን ጋልቦ በደጃችን አለፈ። ገረሱ ከታች ከየካ በኩል የሚኖር ጎረቤታችን ነው፤ እሱም እንደ ባሌ ቀጭን፣ እንደ ባሌ አፈኛ። የሚካኤል ታቦት በገባ ጊዜ ሜዳው ላይ በሚደረገው ሽቅድምድም ዳማውን ሊያስሮጥ አስቦ ነበር።

«ድካምህ ለከንቱ ነው» አለው ባሌ ከተቀመጠበት። «የባላምባራስ ሣህሌ ነጭ አምባላይ ፈረስ ይቀድምሃል።»

«አምባላዩን ያየኸው መቼ ነው?» አለ ገረሱ ወርዶ። «ቆሞ ገብስ ሲበላ እኮ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። አንገት መዘኑ፣ ባት ለኩ፣ የአምባላዩን እናት አነሱ፣ የዳማውን አያት አነሱ። በመጨረሻ ባሌ ወደ መንገዱ ዞሮ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ቆሞ መዳኘት ግዴታው ነው። የቆሙት ደግሞ አለቃ ዓምደ ሚካኤል ሆኑ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ፣ በከዘራ ዳገቱን እየቧጠጡ ወደ ማርያም የሚወጡ። ለመቀመጥ ሰበብ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ድንጋያችን ላይ ዐረፍ አሉ።

ሁለቱ ሞኞች ኩታቸውን አደግድገው ቆሙ። ገና ያልተሮጠ ሩጫ ማን እንደሚያሸንፍ ሲሟገቱ ደም የፈሰሰበት ነገር ይመስል ነበር። አለቃ ጢማቸውን እያሻሹ ሰምተው፣

«በሉ ተወራረዱ» አሉ።

«በበቅሎ!» አለ ባሌ።

እኔ ከጓዳ ተስፈንጥሬ ወጣሁ። «በማን በቅሎ?»

«ሴትዮ፣ ችሎት ነው» አሉ አለቃ፤ ዐይናቸው ግን ደጅ ወደታሰረችው ወለላ ሄዶ ትንሽ ቆየ።

«እኔም በበቅሎ!» አለ ገረሱ፣ እሱም በቅሎ ነበረው።

አለቃ ዋስ ጥሩ አሏቸው። ባሌ ጎረቤቱን ቢጣራ አንዱ ጥጃው ጠፍታበት፣ ሌላው ጥርሱን አሞት፣ ሁሉም በየፊናው ተሰወረ። ለገረሱም ዋስ የሚሆን አልተገኘም። ዋስ የሌለው ባለጋራ እንደ ደንቡ ይቆራኛል። አለቃ የባሌን ኩታ ጫፍ ከገረሱ ኩታ ጫፍ ጋር ሳብ አድርገው ቋጠሩና፣ «የሚካኤል ዕለት ሜዳው ላይ እኔው እፈታችኋለሁ። ከዚያ በፊት ቋጠሮዬን የፈታ ተረቷል» ብለው ዳገታቸውን ቀጠሉ።

እኔ አንድ ባል ይዤ ጓዳ ገብቼ፣ ስወጣ ሁለት ሆነው ጠበቁኝ ማለት ነው።

ያን ሳምንት እንዴት ልንገራችሁ። አንዱ ሲጎርስ ሌላው እጁ ይሳባል። አንዱ ወደ ጓሮ ሲሄድ ሌላው ፊቱን አዙሮ እየዘፈነ ይቆማል። ገረሱ ሲያንኮራፋ ጣሪያው ይራገፋል። ባሌ ለጥምቀት ንስሐ ሊገባ ወደ ነፍስ አባቱ ሲሄድ ገረሱም ተጎትቶ ሄደ፤ ያን ጊዜ ገና ክርስትና እንኳ አልተነሳም። ባሌ ኃጢአቱን በሹክሹክታ ሲዘረዝር ገረሱ «ትናንት ሚስትህን በለጡን የሰደብካትን ዘለልክ» አለው። ነፍስ አባታችን ስግደት አዘዙ። ባሌ በተደፋ ቁጥር ገረሱ ይደፋል፣ ባሌ በተነሳ ቁጥር ገረሱ ይነሳል። ማታ ወገቡን ይዞ፣ «ኃጢአቱ የእሱ፣ ጉልበቱ የእኔ! ይሄ ምን ዓይነት ሕግ ነው?» እያለ ሲያማርር፣ ተናድጄ ሳለ ሳቅሁ።

ትልቁ ጣጣ ግን ፈረሱ ነበር። ገረሱ ዳማውን ጠዋት ማታ ማስጋለብ አለበት። መጀመሪያ ባሌ ከጎን እየሮጠ ሊከተል ሞክሮ ጉብታ ላይ ተጎትቶ አፈር ቃመ። ስለዚህ ከገረሱ ኋላ ተፈናጠጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማው ሁለት ሰው ሳይጭን የጋለበበት ቀን የለም። ባሌ ከግልቢያ ሲመለስ ፊቱ ይበራ ነበር።

«በለጡ፣ ከፈረስ ላይ ሆነሽ ስታዪው እኮ ይህ አገር ሌላ አገር ነው» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ገረሱ እንዳይሰማ ሊያንሾካሹክ ሞክሮ፣ ገረሱ ከጎኑ ተቀምጦ እየሰማ፣ «ይሄ ዳማ ግሩም ፈረስ ነው» አለ።

«እንግዲያ በቅሎዬስ?» አልኩት።

ሁለቱም ቋጠሯቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ወጥቼ የወለላን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። ከእሷ ጋር እናቴም ከእጄ ልትወጣ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?

የሚካኤል ዕለት ታቦቱ በእልልታ ገብቶ ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ሩጫው ከሜዳው ማዶ ተነስቶ፣ ዳገቱ ላይ ካለችው ሾላ ሥር ያልቃል። የባላምባራስ ሣህሌ አምባላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ወይ ፈረስ! ወይ ፈረስ!» አለ። እውነትም ቆንጆ ነው። እኔ ግን ባላምባራሱን አየሁ። ራሳቸው ሁለት ቅምጥል በሬ ያህላሉ፤ በዚያ ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ ብር የተለበጠ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ጠመንጃ፣ ወርቀ ዘቦ ለምድ። አሽከሮቻቸው ተረባርበው ሲያወጧቸው የአምባላዩ ጀርባ እንደ አሮጌ አልጋ ረገበ። እኔ ሸክም ይዤ ዳገት የምወጣ ሴት ነኝ፤ ይህ ፈረስ ሾላው ድረስ አይደርስም አልኩ በልቤ። የገረሱ ዳማ ሊቀድም ነው። ወለላዬ ሄደች። የያዝኩትን የወለላን ልጓም እጄ ላይ ጠመጠምኩት።

አለቃ ዓምደ ሚካኤል እያነከሱ መጡ። ቋጠሮው ሳምንት ሙሉ ተጎትቶ ድንጋይ ስለሆነ በጥርሳቸው ፈቱት። ገረሱ ብቻውን ዳማው ላይ ወጣ።

ዳማው አልተንቀሳቀሰም።

ገረሱ ኮረኮረው፣ ለመነው፣ በኦሮምኛ ተቆጣው፣ በአማርኛ ሰደበው። ዳማው አንገቱን አዙሮ ባሌን ያያል። አንደኛው ሰውዬ ቀርቷል፣ ምን ትጠብቃላችሁ የሚል ይመስላል። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ገረሱ ዐይኑ እንባ ሞላ። ባሌም ቆሞ እጁን ያፍተለትላል። ዝም ብሎ ቢቆም ረትቷል፤ በቅሎዬም ትተርፋለች። እኔም ዝም አልኩ። እግዜር ይየኝ፣ ዝም ልል ቆርጬ ነበር።

ባላምባራሱ ግን ከአምባላዩ ላይ ሆነው እየተንፈቀፈቁ፣ «ያንን ሸንበቆ አውጡለትና እንደ ምርኩዝ ይደገፈው!» አሉ።

ሸንበቆ! ባሌን ሸንበቆ የምትለው እናቴ ናት። እናቴ ብቻ። ሌላ ሰው፣ ያውም ደርሶ እንደ ጎተራ የተቆለለ ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው?

«ውጣ!» ብዬ ጮኽሁ። «ኃይለ መስቀል፣ ፈረሱ ላይ ውጣ!»

ባሌ ዞሮ አየኝ። «በቅሎሽስ?» አለ። ጠየቀኝ፤ ይህን አልረሳለትም።

«ውጣ ብዬሃለሁ!»

ወጣ። ዳማውም ጆሮውን አቁሞ ተፈተለከ። እስከ ሜዳው እኩሌታ አምባላዩ ይመራ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ግን ባላምባራሱና ብረታቸው ሁሉ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ አምባላዩ ያለከልክ ጀመር፣ ከዚያ ጭራሽ ቆሞ ሣር ነጨ። ሁለቱ ቀጫጮች አንዱ የሌላውን ወገብ እንዳቀፈ ሾላው ሥር ቀድመው ገቡ። ባሌ በቅሎዬን እያስረታ መሆኑን እያወቀ «እልል በሉ!» ይላል። እኔም አልኩ፣ እልል አልኩ።

አለቃ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ገረሱ ረትቷል።» ገረሱ እያፈረ ወደ ወለላ እጁን ሲዘረጋ በከዘራቸው ከለከሉት።

«ወዴት ነው? ውርርድ የዳኛ ነው።»

ሁለቱ ፈረስ ዐዋቂዎች ተያዩ። ከጥንት ከአባቶቻችን ጀምሮ ውርርድ የዳኛ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በክርክሩ ሙቀት አንዳቸውም አላስታወሱትም። አለቃ የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ ወለላ ላይ ተቀመጡና ወደ እንጦጦ ገሰገሱ። እሷም ዞር ብላ አላየችኝም።

 ከጥቂት ቀን በኋላ ገረሱ ማልዶ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፣ ዳማውን እየጎተተ።

«በለጡ፣ ባልሽን አውሺኝ። ገበያ ልሄድ ነው፣ በቅሎዬ ጭነቱን ትይዛለች፣ ይሄ እርጉም ሁለት ሰው ካልሆነ አልሄድም ብሏል።»

«አንተም ፈረስህን ታውሰኛለህ» አልኩት። ተስማማን።

በሚቀጥለው ሰንበት ዳማውን ይዘን ወደ ካራ ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ ባሌ ከኋላ። ፈረሱ አንድ ሰው አይሸከምም፣ ስለዚህ ባሌ የሚያመካኘው አልነበረውም። ካራ ስንቃረብ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ተሸሸገ። እናቴ ከአጥሩ ብቅ አለች።

«በቅሎሽስ?» አለችኝ።

«በባሌ ለወጥኳት፣ እማዬ።»

እናቴ ቀና ብላ ከኋላዬ የተቀመጠውን ሰው እንደ ሰርጋችን ዕለት ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየችው።

«ጭማሪውስ የታለ?» አለች፣ አጥሩን እየከፈተችለት።