ኢጃቢ የተባለችው እህቴ

እኔ ዘይኔ ነገር ሲገባኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ሳይገባኝ ደግሞ ጭራሽ አልችልም። ያን ቀን ተርሂሉን በእልልታ ያናወጥኩትም እኔው ነኝ።

እኔና ታናሽ እህቴ ሰዓዳ በየመን ወደ ዐረብ አገር ተሻግረን፣ ሀሩብ ተራራ ላይ ሰው ቤት ስንሠራ ተያዝን። ጂዛን አምጥተው ተርሂል አስገቡን፤ ወደ አገሩ የሚሸኝ ሰው የሚታሰርበት ግቢ ነው። ኮሮና እዚያ ገባብን። ሰዓዳን ትኩሳት ጥሏት ሰነበተና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተነሣች። ምግብ መምረጥ ስትጀምር መዳኗን አወቅኩ።

ከዚያ ምርመራ መጣ። አፍንጫችን ውስጥ እንጨት ከትተው ናሙና ወሰዱ። በማግስቱ ወታደሩ በር ላይ ቆሞ ስም ጠራ። «ሰዓዳ፣ ኢጃቢ።» ወሎ ተወልዶ ኢጃባ የማያውቅ ማን አለ? ዱዓሽ ኢጃባ ይሁን፣ የለመንሽው ይስመር እየተባልን ነው ያደግነው። የእህቴ ዱዓ ተሰማ ብዬ እልል አልኩ፤ ክፍሉ ተከተለኝ። ቀጥሎ «ዘይኔ፣ ሰልቢ» ሲል ግን ሁሉም ጭጭ አለ። ሰላቢ የሰው ቅቤና እህል በድግምት የሚወስድ ነዋ። አጠገቤ የምትተኛው ራውዳ ብስኩቷን ብርድ ልብሷ ሥር ስትሸጉጥ በዓይኔ በብረቱ አየኋት።

«አንቺ፣ ምን ሰለብኩሽ?» ብዬ ልነሣባት ስል ዶክተር መንሱር ገባ። ሱዳናዊ ነው። ጉዱን ሰው ቤት በለቀምኳት ዐረብኛ ብነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ኢጃቢ ማለት ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ነው። ሰልቢ አልተገኘብሽም።» ኢጃቢ የተባለ ደግሞ አውሮፕላን አይሳፈርም። ሰዓዳን ለብቻዋ ክፍል ወሰዱብኝ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ላጽዳ እያልኩ ገብቼ እዚያው እቀር ጀመር። አብረን በላን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ተኛን። ምርመራው ተደገመ፣ ኢጃቢ። ተሠለሰ፣ ኢጃቢ። ልጅቷ ግን ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት፤ ከእኔ ጋር መጣላት እንኳ ጀምራለች። «እታለም፣ ምን ሆኜ ነው?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። «አብሽሪ» አልኳትና ዶክተሩን ያዝኩት።

«ቫይረሱ ሞቷል፤ ማሽኑ የሚያገኘው ስብርባሪውን ነው» አለኝ። «አንዳንድ ሰው ላይ ከዳነ በኋላም ሲታይ ይከርማል። እንደ እሷ ደህና ሆኖ የሰነበተ ሰው ግን ለሌላ አያስተላልፍም።»

«ታዲያ ለግቢው አለቃ አትነግረውም?»

«ነገርኩት። ሰልቢ ካላየሁ አልሸኝም ይላል።»

የመሄጃው ቀን አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ጠዋት ውጤቴ ሰልቢ ነበርና ስሜ ተጠራ፤ የሰዓዳ አልተጠራም። ያን ሁሉ በረሃ አብሬያት አቋርጬ፣ አሁን ብቻዋን ጥያት ልሂድ? አላደርገውም። ቀጥ ብዬ አለቃው ፊት ቆምኩ።

«እኔ ከእሷ ጋር ነው የምተኛው» አልኩት።

«ምን?»

«አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሰሃን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰልቢ ያልከኝ አንተው ነህ። የምታስይዝ ብትሆን እኔን ማን ማረኝ?»

ፊቱ ቀላ። «እንግዲያው አንቺም ትቀሪያለሽ።»

እንደዚያ እንደሚል እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። «ኸላስ፣ እቀራለሁ» ብዬ ፌስታሌን መሬት አስቀመጥኩ።

ዶክተር መንሱር እየሮጠ መጣ። «ስልህ የነበረው ይኸው ነው» አለው። «ልጅቷ ድናለች። እኔ እፈርምላታለሁ።»

«ብትሳሳትስ?»

«ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

አለቃው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ዓይኔን አልሰበርኩለትም። በመጨረሻ «ያላ፣ አምጧት» አለ።

ሰዓዳ ፀሐዩ ዓይኗን እየወጋት ወጣች። አውቶቡስ ስትገባ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ሸሸ። ከኋላ፣ ከሌላ ክፍል የመጣች አንዲት ሴትዮ ጓዟን ከጎኗ አነሣችና «ነይ እናቴ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አለቻት። ከታመመች ወዲህ ከእኔ በቀር ፈቅዶ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ተቀመጠች፤ የማታውቃት ሴትዮ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ተይ አላልኳትም፤ ታልቅስ፣ የማይሸሻት ሰው አገኘች።