ና፣ ውሃ እንንፋ

ሽኩር ከመርከብ ሥራ ወደ ኮልፌ የተመለሰው በክፉ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከተማውን ይዟል፤ ሰው ከሰው ጋር ቆሞ ማውራት ትቷል። እናቱን በሕይወት አላገኛትም፤ ዘመዶቹም ወደ ገጠር ሸሽተዋል። የቀረው ባዶ ቤትና የአጥር ጎረቤቱ፣ እንጨት ሻጩ ጋሼ መሸሻ ብቻ ነበር።

መርከብ ላይ እንዲህ አልነበረም። አብሮት ከሰል ወደ እሳቱ የሚጨምር አንድ የካንቶን ሰው፣ ቻይናዊ፣ ነበር። ሥራ ሲያበቃ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና «ቾይ ሶይ» ይለዋል። እንዳለ ሲፈታ «ውሃ መንፋት» ነው፤ ነገሩ ግን ወሬ መሰለቅ ነው። ደንብ አለው ታዲያ። ለገበያ አይባልም፣ ለእርቅም አይባልም። ጉዳይ ያለው ሰው ውሃ አይነፋም። ምንም የሚነግረው ሳይኖር ሰው የናፈቀው ነው ጓደኛው ዘንድ ሄዶ «ና፣ ውሃ እንንፋ» የሚል። ውሸት ቢገባበት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያለ ውሸት አይጣፍጥም።

ሽኩር ይህን ለኮልፌ ሊያስተምር ተነሣ። ሞኝ! ሰው የራበው ሰው ዘመኑን አያይም። በየደጁ እየቆመ «ምን ወሬ አለ?» ይላል፤ ሰዉ «ደኅና ነው» ብሎ ይገባል። ጋሼ መሸሻንማ በየማታው በአጥሩ ላይ ይጠብቃቸዋል።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ውሃ እንንፋ። የቻይና አነጋገር ነው። የፈለጉትን ያጫውቱኝ፣ እኔ እሰማለሁ።»

«ሌላ ቀን» ይሉና በሩን ይዘጋሉ። እሱ ብቻውን ይቀራል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መሸሻ ራሳቸው መጡ። ሽኩር በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። በርጩማውን ጠርጎ አስቀመጣቸው።

«መንግሥት ደግ ነው» ብለው ጀመሩ። «መንገድ ሠራልን። እኔ በበኩሌ ቅር ያለኝ ነገር የለም።»

ሽኩር ሳቀ። ለማጣፈጫ የገባ ውሸት መስሎት ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ ግን ሽማግሌው አልሳቁም።

«ወንድሜን የወሰዱት ጠጅ ቤት ባወራው ወሬ ነው፤ አልተመለሰም» አሉ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። እባክዎ ጌታዬ፣ ለሚልኩዎት ሰዎች ስሜን አያንሱብኝ። ልጆች አሉኝ።»

ያን ጊዜ ገባው። ለካ መንደሩ ሁሉ ጆሮ ጠቢ አድርጎታል። በየደጁ ወሬ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? አይደለሁም ብሎ ሊምል አፉን ከፈተ። ጆሮ ጠቢስ ቢሆን የሚምለው ይህንኑ አይደል? ከማለ ሽማግሌው የባሰ ይፈራሉ፤ እንቅልፍም አይወስዳቸው።

«አይዞዎት ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ስምዎን አላነሳም።»

ጋሼ መሸሻ እፎይ አሉ። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሽኩር ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። አገሩ ከገባ ወዲህ ሰው ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር።