እማዬ ስትቀመጥ የሚሞላው ቤንዚን

መኪናዬ አሮጊት ናት፣ እኔም ልጅ አይደለሁም፤ አንዳችን የሌላችንን ነውር እየሸፈንን ስንት ዓመት ኖረናል። የቤንዚን መለኪያዋ ግን የማይሸፈን ጉድ አመጣ። እዚህ እስራኤል እርሾ ያለበት ዳቦ እስከ ፍርፋሪው ከቤት ከሚጠፋበት ከፔሳህ በዓል ወዲህ ነው። ሙሉ ነው እያለ፣ ቤንዚን ጨርሳ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሁለቱንም ጊዜ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ከሐኪም ስመልስ ነበር።

ባለቤቴ ማናለሽ ፈረደች። ሐሙስ ልጃችን ኦዲያ ወታደር ሆና የምትምልበት ቀን ነው፣ ቦታውም ሩቅ ነው።

"እስከዚያ ካልተሠራች በአውቶቡስ እንሄዳለን" አለች።

እናቴን ደግሞ አውቶቡስ ያጥወለውላታል፤ ገና ሳይነሣ ነው የሚያስመልሳት። በአውቶቡስ ከሄድን እሷ ቤት ቀረች ማለት ነው። ኦዲያን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

"ታንኩን ሞልቼ ብሄድስ?" አልኳት።

"ስለ ቤንዚን የምትዋሽ መኪና ስለ ፍሬንም ትዋሻለች።"

ከማናለሽ ጋር ማን ይከራከራል።

ማክሰኞ ሳፒር በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ወዳለው ወደ ሻሺ ጋራዥ ወሰድኳት። ሻሺ ቤንዚን ጨምሮ አየ፣ ቀንሶ አየ። የመለኪያው ቀስት እንደ ጨመረው ወጣ፣ እንደ ቀነሰው ወረደ።

"ሀኮል በሴዴር፣ ምንም የለባትም" ብሎ ቁልፌን ሰጠኝ።

ደሜ ፈላ። "ታዲያ የተበላሸሁት እኔ ነኝ?" አልኩት።

"እሱን እኔ አልጠግንም።"

እስከ ቤቴ ድረስ ስሰድበው ሄድኩ።

ረቡዕ ሁለቱን ሴቶች ገበያ ወሰድኳቸው። ማናለሽ ከጎኔ ሆና ዓይኗን ከቀስቱ አልነቀለችም። እናቴ ሽንኩርት ልትገዛ ከኋላ ስትወርድ ቀስቱ ዱብ ብሎ ሩብ ላይ ቆመ። ሽንኩርቷን ይዛ ስትገባ ሽቅብ ወጥቶ ሙሉ ሆነ።

"እማማ ጌጤነሽ፣ እስቲ አንዴ ብድግ ይበሉ" አለቻት ማናለሽ።

ብድግ አለች፤ ወረደ። ተቀመጠች፤ ወጣ።

"የእናቴ በረከት ነው" አልኩ።

"በረከት መንገድ ላይ አያስቀርም" አለች ማናለሽ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገች።

ቤት ስንደርስ የኋላውን ወንበር ነቅዬ አነሣሁት። ከታንኩ ወደ መለኪያው የሚሄደው ገመድ ፕላስቲኩ ተልጦ ራቁቱን ተኝቷል። ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ይጫነዋል፣ ገመዱ ብረት ይነካል፣ ቀስቱም ሙሉ ነው ብሎ ይዋሻል። ሻሺ ሲመረምር ከኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዙሪያው ደግሞ እንደ ሳህን ታጥቧል፤ አንዲት ፍርፋሪ የለችበትም።

"አይጥ ናት የላጠችው" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ለፔሳህ ወንበሩን አንሥቼ ሳጸዳ የዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቆበት አገኘሁ። አልለቅ ሲለኝ በድስት ማጠቢያው ሽቦ ፈገፈግሁት።"

"ታዲያ ገበያ ላይ ለምን ዝም አልሽ?"

"ተነሽ ተቀመጪ ስትሉኝ ነው የገባኝ። መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ መሆኔን ካወቃችሁ ሐሙስ ጥላችሁኝ የምትሄዱ መሰለኝ።"

አንጀቴን በላችው። ገመዱን በናስትሮ ጥቅልል አድርጌ አሰርኩት። ሻሺንም ባልሰማው ስድብ ይቅርታ ልጠይቀው አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ግማሽ ታንክ ብቻ ቀዳሁ፣ ቀስቱን ልፈትነው ብዬ። እናቴ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ብድግ ቁጭ እያለች ሄደች።

"ዘመዱ፣ አሁንስ?"

"ያው ነው፣ እማዬ።"

"አሁንስ?"

ቀስቱ በሄድንበት ልክ ቀስ እያለ ብቻ ወረደ። በሰዓቱ ደረስን። መሐላው እንዳበቃ ኦዲያ ጠብመንጃዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች፤ እኔን አለፈችኝ፣ እናቷን አለፈቻት፣ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው የተሰበሰበው ሁሉ ዞሮ አየን።

ማናለሽ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"እኔ እኮ በአውቶቡስ ብዬ ነበር" አለች።